የስምንት ሰዓት ከተማ

ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት የሰባት ቀን የሽርሽር መርከብ ጉዞ ሲገዙ ዓይናቸው የሚያርፈው በከተሞቹ ስም ላይ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሲያትል ተነስቶ ወደ አላስካ የሚሄደውን ጉዞ ብንወስድ ጁኖ፣ ስካግዌይ፣ ኬቺካንና ቪክቶሪያ በትልልቅ ፎቶግራፎች ተደርድረው ይታያሉ። ከስማቸው ጎን በትንንሽ ፊደላት የመድረሻና የመነሻ ሰዓት ተጽፏል። ይህ ምዕራፍ የሚነጋገረው ስለ እነዚያ ትንንሽ ፊደላት ነው። ባልና ሚስቱ በየብስ የሚያሳልፉት ቀን ምን እንደሚመስል፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ፣ ገንዘባቸው ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ፣ ከተማዋም በምን ዓይን እንደምታያቸው ከሁሉ በላይ የሚወስነው መርከቧ የምትቆምበት ሰዓት ብዛት ነው። የወደብ ከተሞች ከመርከብ ኩባንያዎች ጋር ሲሟገቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት ሰው ነው፦ ስንት መርከብ ይግባ፣ ስንት መንገደኛ ይውረድ ይላሉ። ቁጥሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሰው ቁጥር ጋር ሰዓቱ ካልተቆጠረ የሚፈለገው ለውጥ አይመጣም የሚል እምነት አለኝ፤ ምክንያቶቼንም ቀጥዬ አቀርባለሁ።

ጁኖ የአላስካ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ 32 ሺህ ገደማ ናቸው። በተራሮችና በበረዶ ግግር ስለተከበበች ከሌሎች ከተሞች ጋር የሚያገናኛት አውራ ጎዳና የለም፤ የሚገባባት በባሕር ወይም በአየር ብቻ ነው። በ2023 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ1.6 ሚሊዮን በላይ የመርከብ መንገደኞች መጥተውባታል፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን ከፀደይ እስከ መኸር ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ። አብዛኞቹ ሊያዩ የሚመጡት ከመሃል ከተማው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውን የሜንደንሆል የበረዶ ግግር ነው።

እስኪ የአንዱን ቀን ሰዓት እንደ ባልና ሚስቱ ሆነን እናስላ። መርከቧ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደርሳ ከቀኑ 11 ሰዓት ትነሳለች እንበል። በወረቀት ላይ 9 ሰዓት ነው። መርከቧ ታስራ፣ የወደቡ ሹማምንት ፈቅደው፣ መወጣጫው ተዘርግቶ፣ የሦስትና የአራት ሺህ ሰው ሰልፍ እስኪቀል ግማሽ ሰዓት ቢሄድ አይገርምም። በማታው በኩል ደግሞ መንገደኛ ሁሉ መርከቧ ከመነሳቷ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መግባት አለበት። 8 ሰዓት ቀረ። 70 ዓመት የሞላው ሰው የመጨረሻዋን ደቂቃ አይጠብቅም፤ መንገድ ቢዘጋ፣ እግሬ ቢደክም ብሎ አንድ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይመለሳል። 7 ሰዓት ቀረ። ከዚህ ላይ ምሳው፣ መጸዳጃ ቤት ፍለጋው፣ መድኃኒት የሚዋጥበት ጊዜ፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ የሚባልበት ደቂቃ ሁሉ ይቀነሳል።

አሁን መንገዱን እንጨምር። ወደ በረዶው ግግር የሚያደርሰው ርካሹ መጓጓዣ የከተማው አውቶቡስ ነው፤ የሚያወርደው ግን ከጎብኚዎች ማዕከሉ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። የአሜሪካ የትራፊክ መሐንዲሶች የእግረኛ መብራት ሲያስተካክሉ ለረጅም ዘመን ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ብለው ያሰሉ ነበር፤ በ2009 የወጣው ብሔራዊ መመሪያ ግን የአረጋውያንን እርምጃ አስቦ ወደ 1.07 ሜትር ዝቅ አደረገው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከዚህም ያንሳል። በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ ባልና ሚስት 2.4 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ 50 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ በሰከንድ 1.4 ሜትር የሚራመድ ወጣት 29 ደቂቃ ይበቃዋል። ደርሶ መልሱ ብቻ መቶ ደቂቃ ይደርሳል ማለት ነው። ከማዕከሉ ወደ ነጌት ፏፏቴ የሚወስደው የእግር መንገድ ደርሶ መልስ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌላ ሰዓት ይጠይቃል። የአውቶቡስ ጥበቃውና ጉዞው ሲታከልበት ቀኑ አልቋል። ለሁሉም እኩል የተሰጠ የሚመስለው 9 ሰዓት በዕድሜ ለገፉት ሰዎች በተግባር በጣም ያነሰ ነው፤ የጊዜ ሰሌዳው ግን ይህን አይለይም።

ለከተማዋ ለራሷስ ምን ተረፈ? ጁኖ ውስጥ ዳገቱ ላይ በ1894 የተሠራ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው የቅዱስ ኒቆላስ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ትሊንጊቶች ፈልገውና ጠይቀው የተተከለ ነው። የክብና የስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ይህን ሕንፃ ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል። ትልቁ የግዛቱ ሙዚየምም ከወደቡ በእግር የሚደረስ ነው። ሆኖም አብዛኛው መንገደኛ ከከተማዋ የሚያውቀው ከመርከቡ ሥር የሚጀምረውን የሳውዝ ፍራንክሊን ጎዳና፣ እሱም ላይ የተደረደሩትን የጌጣጌጥ መደብሮች ነው። ይህን አይቶ “የመርከብ መንገደኛ ፍላጎቱ ሸቀጥ ብቻ ነው” ብሎ የሚፈርድ ብዙ ሰው አለ። ፍርዱ የተቸኮለ ነው። 40 ደቂቃ የቀረው፣ እግሩ የደከመ፣ መርከቧ እንዳታመልጠው የሚሰጋ ሰው ከመርከቡ 200 ሜትር ርቆ የሚያገኘውን ነገር ያያል። መደብሮቹም እዚያ የተተከሉት ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው።

ታዲያ መርከቦቹ ለምን እንዲህ ቸኩለው ይነሳሉ? የመጀመሪያው ምክንያት ውሃው ራሱ ነው። መርከብ ፍጥነቷን በጨመረች ቁጥር ውሃው የሚመልስባት ግፊት በእጅጉ ያድጋል። የባሕር መሐንዲሶች እንደ መነሻ የሚይዙት ስሌት አለ፦ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መርከቧን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት በሁለት ወደቦች መካከል 180 የባሕር ማይል ቢኖር በሰዓት 18 ማይል የምትሄድ መርከብ 10 ሰዓት ይፈጅባታል። ባልና ሚስቱ በከተማው አንድ ሰዓት ይጨመርላቸው ቢባል መንገዱን በ9 ሰዓት መጨረስ፣ ማለትም በሰዓት 20 ማይል መሄድ አለባት። ለዚያ የሚያስፈልገው ኃይል 37 በመቶ ይጨምራል፤ ጉዞው ስላጠረ ለመንቀሳቀሻ የሚቃጠለው ነዳጅ በጠቅላላ የሚጨምረው 23 በመቶ ገደማ ነው። አንዲት ተጨማሪ ሰዓት በየብስ የዚያን ሌሊት የመጓጓዣ ነዳጅ በሩብ ያህል ታስወድዳለች። ነዳጅ ከመርከብ ኩባንያዎች ትልልቅ ወጪዎች አንዱ ስለሆነ የጉዞ አቃጆች ከወደብ ሰዓት ላይ መቀነስ ይቀላቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ቦታ ነው። በብዙ አገሮች መርከብ ወደብ ላይ ስትታሰር ካዚኖዋና ከቀረጥ ነጻ መደብሮቿ ይዘጋሉ፤ የሚከፈቱት ከወደቡ ወጥታ ባሕር ስትገባ ነው። በመርከቡ ውስጥ የሚወጣው ገንዘብ በኩባንያው ገቢ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ስላለው፣ መንገደኛው አመሻሹን በከተማ ካፌ ውስጥ ሲያሳልፍ ኩባንያው ገቢ ያጣል። ይህን እንደ ተንኮል አላየውም፤ ማንኛውም ነጋዴ እንዲህ ነው የሚያስበው። ነገር ግን የጊዜ ሰሌዳውን ያወጣው ማን እንደሆነ፣ ምን እያሰበ እንዳወጣው ማወቅ ለባልና ሚስቱም ለከተማዋም ይጠቅማል።

ሦስተኛው ሕግ ነው። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በውጭ አገር ባንዲራ የሚሄድ መርከብ መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳያጓጉዝ ይከለክላል፤ ከሲያትል ተነስቶ ሲያትል የሚመለስ ጉዞም በመሃሉ የውጭ አገር ወደብ መንካት አለበት። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ሁሉም ማለት ይቻላል የሚያውለበልቡት የባሃማስን፣ የፓናማን ወይም የሌላ አገርን ባንዲራ ነው። ካናዳዊቷ ቪክቶሪያ በአላስካ ጉዞ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ በምሽት፣ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የምትገባው ለዚህ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ወደቡ እንዲነካ እንጂ ስንት ሰዓት እንዲቆም አይደለም፤ ስለዚህ ባልና ሚስቱ ቪክቶሪያን የሚያዩት ሙዚየሞቿ ከተዘጉ በኋላ ሊሆን ይችላል።

እስካሁን የተናገርኩት ሰዓቱ ስለማጠሩ ነው። ለክርክሬ ዋናው ነገር ግን ማጠሩ የሚወልደው ጥገኝነት ነው። ኩባንያዎቹ በመርከቡ ውስጥ የጉብኝት ጥቅል ይሸጣሉ፤ ከጥቅሉ ጋር አንድ ዋስትና ይሰጣሉ፦ በኛ በኩል የገዛችሁት ጉብኝት ከዘገየ መርከቧ ትጠብቃችኋለች። በራሱ የወጣ ሰው ግን አይጠበቅም። በማርች 2024 በሳኦ ቶሜ ደሴት በግል ጉብኝት ላይ የነበሩ ስምንት መንገደኞች ዘግይተው ሲመለሱ መርከቧ ገና ባሕሩ ላይ ቆማ እያዩ ሳይገቡ ቀሩ፤ ብዙ አገሮችን አቋርጠው ሴኔጋል ላይ እስኪደርሱባት ቀናት ፈጅቷል። እንዲህ ያለ ታሪክ በመንገደኞች ዘንድ በፍጥነት ይዛመታል። ስለዚህ በዕድሜ የገፉት ባልና ሚስት ጥቅሉን ሲገዙ በረዶውን ወይም ዓሣ ነባሪውን ለማየት ብቻ አይደለም የሚከፍሉት፤ ላለመቅረት ጭምር ነው። ሰዓቱ ባጠረ ቁጥር ስጋቱ ይጨምራል፤ ስጋቱ በጨመረ ቁጥር ዋስትናው ይወደዳል። ከሚከፍሉትም ገንዘብ አንዱ ክፍል በኮሚሽን መልክ ለመርከቡ ይቀራል፤ ለአስጎብኚው፣ ለአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ለምግብ ቤቱ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው። 14 ሰዓት ቢኖራቸው ኖሮ አውቶቡሱ ቢያመልጣቸው ቀጣዩን ይጠብቁ ነበር፤ ምሳቸውን የአገሩ ሰው በሚበላበት ቤት ይበሉ ነበር፤ ዳገቱንም ቀስ ብለው ይወጡት ነበር።

ከተሞቹ ለመጨናነቁ መልስ ሲሰጡ መጀመሪያ የያዙት ቁጥርን ነው። የክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ ከኩባንያዎቹ ማኅበር ጋር በ2019 ተስማምታ በአንድ ጊዜ ከሁለት መርከብ፣ ከ4 ሺህ መንገደኛ በላይ እንዳይገባ አደረገች። በግንብ የታጠረችው አሮጌ ከተማ ዋና ጎዳና 300 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ምክንያቷ ግልጽ ነው። ጁኖ ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት ትልልቅ መርከብ በላይ እንዳይገባ ተስማማች፤ ከ2026 ጀምሮ ደግሞ የመርከቦቹ የአልጋ ብዛት በቀን ከ16 ሺህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ12 ሺህ እንዳይበልጥ ሌላ ስምምነት ፈረመች። በ2024 የመኸር ምርጫ ቅዳሜን ጨርሶ ከመርከብ ነጻ ለማድረግ የቀረበውን ሐሳብ ነዋሪዎቹ ራሳቸው በድምፅ ጣሉት። ቁጥሩን የገደቡት መርከቦቹን ጠልተው እንዳልሆነ፣ ኑሯቸው ከመርከቦቹ ጋር የተሳሰረ መሆኑን እንደሚያውቁ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሆኖም 16 ሺህ ሰው በ32 ሺህ ሰው ከተማ በተመሳሳይ ሰዓት ወርዶ በተመሳሳይ ሰዓት ሲሮጥ የሚፈጠረው ጭንቀት፣ ያው 16 ሺህ ሰው ከጠዋት እስከ ምሽት ተበትኖ ሲንቀሳቀስ ከሚፈጠረው ጋር አንድ አይደለም። ሁሉም ወደ በረዶው የሚሄደው ጠዋት፣ ሁሉም የሚመለሰው ከሰዓት በኋላ ከሆነ መንገዱ፣ አውቶቡሱ፣ መጸዳጃ ቤቱ የሚለካው በዚያ ከፍታ ሰዓት ነው። ዱብሮቭኒክ ይህን ስለተረዳች ይመስለኛል ከቁጥሩ አልፋ መርከቦች ቢያንስ 8 ሰዓት እንዲቆሙ ወደ መጠየቅ የሄደችው።

ይበልጥ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ቤርሙዳ ነው። ይህች 53 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች የአትላንቲክ ደሴት ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚመጡ ብዙ መርከቦች ሁለትና ሦስት ቀን የሚቆሙባት ናት። የሚታሰሩት በምዕራብ ጫፏ ባለው በቀድሞው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰፈር ነው፤ ከዚያ ወደ ዋና ከተማዋ ሃሚልተን የሕዝብ ጀልባ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መንገደኛው አንድ ቀን ሃሚልተንን፣ በማግስቱ የባሕር ዳርቻውን፣ በሦስተኛው ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስን አሮጌ ከተማ ማየት ይችላል፤ ሲደክመው መርከቡ ውስጥ ተኝቶ እንደገና ይወጣል። ቤርሙዳ ኩባንያዎቹ ረዘም ያለውን ቆይታ እንዲወዱት ያደረገችበት መንገድም ትምህርት አለው። በ2013 ባወጣችው ሕግ የታሰሩ መርከቦች ካዚኖዎቻቸውን በሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት፣ እንዲከፍቱ ፈቀደች። ከላይ ያነሳሁትን ሁለተኛውን ምክንያት በቀጥታ ፈታችው ማለት ነው። ቁማርን ማስፋፋት ለሁሉም ከተማ ይስማማል አልልም፤ ለእኔም አይጥመኝም። የሚያሳየው ግን የወደብ ሰዓት የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን፣ ከተማ በድርድርና በሕግ ልትነካው እንደምትችል ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርብ የመጀመሪያው ተቃውሞ “መርከቧ ራሷ መድረሻ ናት” የሚል ነው። ብዙ ጡረተኞች ወደብ ላይ እንኳ ሳይወርዱ ቀርተው ባዶ በሆነው መርከብ ላይ መጽሐፋቸውን ያነባሉ፤ ለእነሱ ሰዓቱ ቢረዝም ባይረዝም ለውጥ የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ የሚደሰቱበትንም መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን ከማይወርዱት መካከል መውረዱ ስለሚያደክማቸው፣ ሰልፉና ጥድፊያው ስለሚያሰጋቸው የሚቀሩ መኖራቸው አይካድም። ረጅም ቆይታ ምርጫውን ለእነሱ ይመልሳል፦ ከምሳ በኋላ፣ ሰልፉ ሲያልቅ ለሁለት ሰዓት ብቻ ወርዶ መመለስ ይቻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጭሱ ነው። መርከብ ወደብ ላይ ስትቆም ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣና ለወጥ ቤት ጄነሬተሮቿን ታስነሳለች፤ ረዘም ብላ ብትቆም ከተማውን ታጥነዋለች። ለዚህ መልስ የሰጠችው ራሷ ጁኖ ናት፤ በ2001 የሽርሽር መርከብ ከየብስ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተገናኘው በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ነበር፤ ኃይሉም ከውሃ የሚመነጭ ነው። ይህ አገልግሎት በሁሉም መታሰሪያ ስላልተዘረጋ ተቃውሞው ለጊዜው ክብደት አለው፤ ረጅም ቆይታ መፈቀድ ያለበት መስመሩ ባለበት መታሰሪያ ቢሆን ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ወደብ የሚቀንስ ጉዞ በመካከል የሚጣደፍበት ርቀት ስለሚያጥር፣ በፍጥነት የሚባክነውን ነዳጅ ያድናል።

የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ሰዎች ብዙ ወደብ ያለበትን ጉዞ ይወዳሉ፤ በሰባት ቀን አራት ከተማ ከሦስት ይበልጥባቸዋል፤ ኩባንያውም የሚሸጠው የሚገዛውን ነው። ይህን በዋዛ ማለፍ አልችልም። ግን በሕግ የምትነካዋን ቪክቶሪያን ትተን ስሌቱን ተመልከቱ፦ በሦስት ወደብ በእያንዳንዱ 9 ሰዓት ሲቆም የየብስ ጊዜው 27 ሰዓት ነው፤ በሁለት ወደብ በእያንዳንዱ 14 ሰዓት ሲቆም 28 ሰዓት ይሆናል። በእያንዳንዱ ወደብ በመውረጃ ሰልፍ፣ ቀድሞ በመግባትና በፍርሃት የሚባክነው ሁለት ሰዓት ሲቀነስ ደግሞ ለባልና ሚስቱ በትክክል የሚተርፈው 21 እና 24 ነው። ገዢው ይህን እንዳያይ ያደረገው ማስታወቂያው የከተማ ስም እንጂ ሰዓት በጉልህ አለማሳየቱ ነው። ሰዓቱ በትልቅ ፊደል ቢጻፍ ምርጫው ሊለወጥ ይችላል።

በዚህ የሚጎዳ ግን አለ። ከሦስት ወደብ አንዱ ይቀነስ ሲባል የሚቀነሰው ምናልባት ስካግዌይ ትሆናለች። ነዋሪዎቿ 1,200 ገደማ ናቸው፤ ኑሯቸው የቆመው በመርከቦቹ ላይ ነው። የአላስካ ግዛት ከየመንገደኛው ከሚሰበስበው ግብር ለየወደቡ በነፍስ ወከፍ 5 ዶላር ያካፍላል። ጨርሳ ባትቀር እንኳ መርከቦቹ ወደ ስካግዌይ የሚመጡት ሳምንት እየዘለሉ ቢሆን ይህ ገቢ በግማሽ ይወርዳል፤ መርከቧ በመጣችበት ቀን መንገደኛው ተዝናንቶ ገንዘቡን በከተማው ቢያወጣም የማዘጋጃ ቤቱ ካዝና አይሞላም። ክፍፍሉ 4 ሰዓት ለቆመችውም 14 ሰዓት ለቆመችውም መርከብ አንድ ነው። መንገደኛው ከተማ ውስጥ በቆየበት ሰዓት ልክ እንዲከፈል ቢደረግ ግን ስካግዌይ ሳምንት ዘልላ የምትመጣን የ14 ሰዓት መርከብ የምትፈራበት ምክንያት በእጅጉ ይቀንሳል፤ ኩባንያዎቹ ቀድሞውኑ ከጁኖ ጋር ለተፈራረሟቸው ስምምነቶችም የሚጨመረው ከአልጋ ብዛቱ ጎን የሰዓት ዓምድ ብቻ ነው።